መድኃኒት ሰው ሠራሽ የሴል ሽፋን ላይ ምን እንደሚሠራ በብርሃን ለመለካት፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ላቦራቶሪ?

ባለፈው መጋቢት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሁለት ግራፍ ይዛ መጣች። ሊፖዞሙ፣ ማለትም ሊፒድ ከሚባል ስብ መሰል ሞለኪውል የተሠራው ጥቃቅን ኳስ፣ አንድ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው። ፈሳሹ የሚለካበት ትንሽ ዕቃ፣ ኩቬቱ፣ እንኳ አንድ ነው። አንደኛው ግራፍ የጠዋት፣ ሁለተኛው የከሰዓት ነው። ጠዋት መድኃኒቱ ሽፋኑን ክፉኛ አላልቶታል። ከሰዓት ግን ምንም ያደረገው ነገር የለም። «መምህር፣ ማሽኑ ሳይበላሽ አይቀርም» አለችኝ።

ማሽኑ ደህና ነበር። የተጠቀመችበት ሊፒድ ዲኤምፒሲ የሚባለው ነው። ይህ ሊፒድ ከረጋ ወደ ፈሳሽ የሚለወጠው 23 እና 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። ባሕር ዳር ላይ ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ጠዋት 21 ዲግሪ ከሆነ፣ በመጋቢት ከሰዓት 27 ቢደርስ አይገርምም። ልጅቷ ጠዋት የለካችው የረጋ ቅቤ ነው። ከሰዓት የለካችው የቀለጠውን ነው። የቀለጠን ቅቤ መድኃኒቱ ከዚያ በላይ ምን ያቀልጠዋል?

ያን ቀን ሁለታችንም ግራፎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ብዙ ተነጋገርን። መሣሪያ ስንመርጥ የምንጠይቀው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መሰለኝ። ፕሮፖዛል ስንጽፍ ጆርናል ላይ ያየነውን ውድ መሣሪያ እንጽፋለን። ጥያቄያችንን፣ ክፍላችንን፣ መብራታችንን አናይም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት እዚህ ጣና ዳር ሆነው ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ነው።

ለምን ሰው ሠራሽ ሽፋን?

ብዙ መድኃኒት ሥራውን ከመሥራቱ በፊት የሴል ሽፋን ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ሥራው ራሱ ሽፋኑ ላይ ነው። የሕያው ሴል ሽፋን ግን በፕሮቲን የተሞላ ነው፤ የትኛው ውጤት ከምን እንደመጣ መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ሊፒድ ብቻ ወስደን 4 ወይም 5 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ድርብ ሽፋን እንሠራለን። በኳስ ቅርጽ ሲሆን ሊፖዞም እንለዋለን።

ለእኛ አካባቢ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ሊቦ ከምከም ካላዛር ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሰው ጎድቷል። መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ወጣቶች ዛሬም ይያዛሉ። ለካላዛር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሁለቱ፣ አምፎተሪሲን ቢ እና ሚልቴፎሲን፣ በቀጥታ ከሽፋን ጋር የሚገናኙ ናቸው። አምፎተሪሲን ከሰው ኮሌስትሮል ይልቅ የካላዛር አምጪውን ጥገኛ ተህዋስ ኤርጎስቴሮልና መሰሎቹን አጥብቆ ይይዛል። ኮሌስትሮል ያለበት አንድ ሊፖዞም፣ ኤርጎስቴሮል ያለበት ሌላ ሊፖዞም ሠርቶ ሁለቱን ማወዳደር ለተማሪ ጥሩ የምርምር ርዕስ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ምሳሌዎች በአብዛኛው ከዚህ የመጡ ናቸው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ጥያቄው ነው። «መድኃኒቱ ከሽፋኑ ጋር ይገናኛል ወይ?» ሲባል አንድ ጥያቄ ይመስላል። የጣናን ታንኳ አስቡት። ከደንገል ነው የሚሠራው። ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ምን ያህል ከበደ ማለት አንድ ጥያቄ ነው። ደንገሉ ላላ ወይ ማለት ሌላ ነው። ተቀደደ ወይ ማለት ደግሞ ሦስተኛ ነው። በሚዛን የደንገል መላላት አይለካም። የብርሃን መሣሪያዎችም እንደዚሁ ናቸው፦ አንዱ ክብደት ያያል፣ አንዱ መላላት ያያል፣ አንዱ መበሳት ያያል።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ሞለኪውሉ ትንሽ ከሆነ ክብደት የሚያይ መሣሪያ ይቸገራል። መድኃኒቱ ራሱ ብርሃን የሚውጥ ከሆነ ፍሎረሰንስ፣ ማለትም ቀለም ብርሃን ውጦ መልሶ ማብራቱ፣ ይረበሻል። ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ከሆነ ደግሞ ዲኤምኤስኦ የሚባለውን ማሟሚያ መጨመር ግድ ነው፤ እሱም የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል።

ሦስተኛው የሙቀት ቁጥጥር ነው፤ ስለ እሱ ከላይ ብያለሁ፣ ከታችም እመለስበታለሁ። አራተኛው አላቂ ዕቃ ነው። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ ቺፑ፣ ቀለሙ፣ ሊፒዱ ግን በየጊዜው ይታዘዛል። ከውጭ ታዝዞ ጉምሩክ አልፎ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ሊፒድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ነገር ስለሆነ መንገድ ላይ ሲዘገይ ይበላሻል። አምስተኛው መብራት እና ጥገና ነው። ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ከየት ይመጣል?

ኤስፒአር፦ ክብደት የሚያየው

ሙሉ ስሙ ሰርፌስ ፕላዝሞን ሬዞናንስ ነው። መስታወት ላይ 50 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ወርቅ ይቀባል። ከሥሩ ብርሃን ይላካል። በአንድ የተወሰነ አንግል ላይ የወርቁ ኤሌክትሮኖች ብርሃኑን ይውጡታል። ወርቁ ላይ የሆነ ነገር ሲጣበቅ ያ አንግል ይንሸራተታል። መሣሪያው የሚያየው ከወርቁ ከፍ ብሎ 200 ወይም 300 ናኖሜትር ድረስ ብቻ ነው። 100 ናኖሜትር የሆነ ሊፖዞም ግን በደንብ ይገባበታል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ታወቀ፤ ለባዮሎጂ መለኪያነት የዋለው በ1983 ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ቀለም አለመፈለጉ ነው። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወጣ በየሰከንዱ ታያላችሁ። ፍጥነት ለመለካት ከሆነ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚወዳደረው የለም።

አሁን ግን ቁጥሩን አብረን እንሥራ፤ ሻጭ ይህን አይሠራላችሁም። ቺፑ (ወርቅ የተቀባው መስታወት) ላይ ፒኦፒሲ ከሚባለው ሊፒድ የተሠራ ሊፖዞም 6000 አሃድ (ኤስፒአር ምልክቱን የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ጫናችሁ እንበል። የአንዱ ሊፒድ ሞለኪውላዊ ክብደት 760 ነው። ሚልቴፎሲን 407 ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ 100 ሊፒድ አንድ ሚልቴፎሲን ቢገባ፣ ምልክቱ 6000 ሲባዛ በ407፣ ሲካፈል ለ760፣ ሲካፈል ለ100 ነው። 32 አሃድ ይመጣል። ጥሩ መሣሪያ 32 አሃድን ያለ ችግር ያያል። ነገር ግን የውሃ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲለወጥ ምልክቱ ወደ 100 አሃድ ይንቀሳቀሳል። ሲሶ ዲግሪ ብቻ ከተንሸራተተ የመድኃኒቱን ያህል ምልክት ከምንም ይመጣል ማለት ነው። የራሱ ጠንካራ የሙቀት መቆጣጠሪያና ማነጻጸሪያ ቻናል የሌለውን ርካሽ ኤስፒአር አትግዙ የምለው ለዚህ ነው።

ዲኤምኤስኦም እንደዚያው ነው። የብርሃን ስብረት መጠኑ 1.479 ነው፤ የውሃ 1.333። በሚፈሰው ባፈር (ፒኤች የሚጠብቅ ፈሳሽ) እና በመድኃኒቱ ብልቃጥ መካከል የ1 በመቶ ልዩነት ካለ ከሺህ በላይ አሃድ ይዘላል። ሁለቱን በጥንቃቄ እኩል ማድረግ የግድ ነው።

ሌላም አለ። ሚልቴፎሲን እንደ ሳሙና ያለ ባሕርይ አለው። መጠኑ ሲበዛ ሊፒዱን እየገፈፈ ይወስደዋል። የገባው ክብደት ይጨምራል፣ የተገፈፈው ይቀንሳል፤ ኤስፒአር የሚያሳያችሁ ድምሩን ብቻ ነው። ጠፍጣፋ መስመር አይታችሁ «ምንም አልተጣበቀም» ብትሉ ትሳሳታላችሁ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መድኃኒት ኤስፒአርን ብቻውን አላምነውም።

ጥገናውም ቀላል አይደለም። ከፍሪጅ የወጣ ባፈር ሲሞቅ አየር ይለቃል፤ አረፋ ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ከገባ ያ ቀን አለቀ። መብራት ሲጠፋ ሊፖዞም የተጫነበት ቺፕ ሥራውም አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ አብሮ ካልተገዛ ማሽኑን ባይገዙ ይሻላል።

ፍሎረሰንስ፦ መላላትና መበሳት የሚያየው

እኔን ከጠየቃችሁኝ ባሕር ዳር ላይ ከባዶ ለሚጀምር ላቦራቶሪ የመጀመሪያው ግዢ ፍሎረሰንስ የሚለካው ፍሎሪሜትር ነው። አንድ ማሽን ነው፤ ቀለሙን በመቀየር ብቻ የተለያየ ጥያቄ ይመልሳል።

ላውርዳን የሚባለው ቀለም ሽፋኑ ውስጥ ይቀመጣል። ሽፋኑ የረጋ ሲሆን በ440 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ያበራል። ላልቶ ውሃ ሲገባው ወደ 490 ይሄዳል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ታካፍላላችሁ። 440 ላይ 600፣ 490 ላይ 200 ካነበባችሁ ውጤቱ 0.5 ነው፤ የረጋ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ዜሮ ነው፤ ላልቷል። ዲፒኤች የሚባለው ቀለም ደግሞ በፖላራይዝድ ብርሃን የሽፋኑን ውስጠኛ ክፍል ጥንካሬ ይነግራል። እሱን ከፈለጋችሁ ፖላራይዘር ከማሽኑ ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት። በኋላ ለብቻው ማዘዝ ራስ ምታት ነው።

መበሳትን ለማየት ካልሴይን አለ። እኔ በጣም የምወደው ሙከራ ይህ ነው። ካልሴይን ከ50 እስከ 100 ሚሊሞላር ድረስ ታምቆ ሊፖዞም ውስጥ ሲገባ ራሱን በራሱ ያፍነዋል፤ አይበራም። ቱቦው ውስጥ ብርቱካናማ ፈሳሽ ነው የምታዩት። ከውጭ የቀረውን ቀለም በጄል ዓምድ ታጥባላችሁ። ከዚያ መድኃኒቱን ጠብ ታደርጋላችሁ። ሽፋኑ ከተበሳ ካልሴይኑ ወጥቶ ይቀጥናል፤ ኩቬቱም በዓይናችሁ ፊት ወደ ቢጫ አረንጓዴ ይበራል። በመጨረሻ ትራይተን የሚባለውን ሳሙና ጨምራችሁ ሁሉንም ታፈነዳላችሁ፤ ያ 100 በመቶው ነው። ሌላው ሁሉ ከእሱ አንጻር ይሰላል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ የውስጡና የውጭው ፈሳሽ የኦስሞቲክ ጫና እኩል ይሁን። ካልሆነ ሊፖዞሙ ያለ መድኃኒት ሊያፈስ ይችላል።

የቀለም ምርጫ በመድኃኒቱ ይወሰናል። አምፎተሪሲን ቢ ከ320 እስከ 410 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል። ላውርዳንን የምናበራው 350 አካባቢ ስለሆነ መድኃኒቱ ብርሃኑን ይሻማዋል። የፍሎረሰንሱ መቀነስ የሽፋን ለውጥ ይመስላችኋል፤ የብርሃን መዋጥ ብቻ ነው። ካልሴይን ግን 490 ላይ ተነሥቶ 515 አካባቢ ስለሚያበራ ከዚህ ነጻ ነው። ፕራዚኳንቴል፣ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ የያዘው ሰው የሚውጠው ማለቴ ነው፣ ብርሃን የሚውጠው ከ300 በታች ስለሆነ ከላውርዳንም ጋር ሰላም ነው።

የፍሎረሰንስ ድክመት ቀለሙ ራሱ እንግዳ መሆኑ ነው። ሽፋኑ ውስጥ የገባ ሌላ ሞለኪውል ነው። ለ300 ወይም 500 ሊፒድ ከአንድ ቀለም በላይ ባትጨምሩ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ደግሞም የመግባትና የመውጣትን ፍጥነት እንደ ኤስፒአር አያሳይም።

ስፔክትሮፎቶሜትር፦ መደርደሪያ ላይ ያለው

ብዙ የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ዩቪ የሚለካ ስፔክትሮፎቶሜትር አለ። ለዚህ ሥራ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ትንሽ ነው። ይሆናል።

አምፎተሪሲን ለዚህ ምቹ ነው። ሞለኪውሎቹ ተነጣጥለው ሲቀመጡ 365፣ 385 እና 409 ናኖሜትር አካባቢ ሹል ሹል ጫፎች ያሳያል። ተከማችተው ሲሆኑ ደግሞ 330 አካባቢ አንድ ሰፊ ጉብታ ይሆናል። ሊፖዞም ስትጨምሩ ጉብታው ሲወርድ፣ ጫፎቹ ሲነሡ ታያላችሁ። ያለ ምንም ቀለም፣ መድኃኒቱ ራሱ የት እንዳለ ይናገራል።

ለሌሎች መድኃኒቶች አንድ ዘዴ አለ። አሥር ቱቦ ውስጥ እኩል መድኃኒት ታደርጋላችሁ፤ ሊፒዱን ከዜሮ ጀምሮ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ። ሊፖዞም ብርሃን ስለሚበትን ስፔክትረሙ (በየሞገድ ርዝመቱ ስንት ብርሃን እንደተዋጠ የሚያሳየው መስመር) ደብዝዞ ይመጣል። ሁለተኛ ዴሪቬቲቩን ስታወጡ ግን የብተናው ዳራ በአብዛኛው ይጠፋል። ከዚያ መድኃኒቱ በውሃና በሊፒድ መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ ይሰላል። ሁኔታው አንድ ነው፦ መድኃኒቱ ዩቪ የሚውጥና ሊፒድ ውስጥ ሲገባ ስፔክትረሙ የሚለወጥ መሆን አለበት።

ፖሊዳይአሴቲሊን፦ በዓይን የሚታየው

ይህ ሊፒድ መሰል ሞለኪውል ከሊፒድ ጋር ተቀላቅሎ ኳስ ይሠራል። 254 ናኖሜትር ዩቪ ሲበራበት እርስ በርሱ ይያያዝና ሰማያዊ ይሆናል። ሽፋኑን የሚነካ ነገር ሲመጣ ወደ ቀይ ይለወጣል። ማሽን የለም፤ ለማስተማሪያ ድንቅ ነው። ብዙ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ለማጣራትም ይጠቅማል። ነገር ግን ሙቀትም፣ ፒኤችም፣ ኤታኖልም ያቀላዋል። ስለዚህ መድኃኒት የሌለበት ማነጻጸሪያ ሳይኖር ቀይ ቀለም አይታመን። ቁጥር ለሚፈልግ ቴሲስም ብቻውን አይበቃም።

ሌሎቹ ባጭሩ

ባዮሌየር ኢንተርፌሮሜትሪ ጫፉን ፈሳሽ ውስጥ እየነከረ ይለካል። ቱቦ ስለሌለው አረፋ አያስቸግረውም፤ ለትንሽ ሞለኪውል ግን ምልክቱ ደካማ ነው። ለፔፕታይድና ለፕሮቲን መድኃኒት ይሻላል። በሊፒድ የተሸፈነ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፣ 520 አካባቢ ባለው ቀለሙ መለወጥ ይነበባል፤ ጨው ብቻውን ግን ሊያከማቸው ይችላል። የብርሃን መሪ ሴንሰሮች የሽፋኑን ውፍረትና አሰላለፍ ጭምር ይነግራሉ፤ እዚህ አገር ሆኖ መለዋወጫ ማግኘት ግን ከባድ ስለሆነ አልመክርም። ጥያቄያችሁ «መድኃኒቱ ያልፋል ወይ?» ብቻ ከሆነ ደግሞ ሴንሰር ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ፓምፓ የሚባለው ሙከራ ማጣሪያና ዩቪ የሚያነብ ፕሌት ሪደር ይበቃዋል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መሣሪያ | የሚመልሰው ጥያቄ | የሚያስቸግረው | አላቂ ዕቃ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ኤስፒአር | ስንት ገባ፣ በምን ፍጥነት | ሙቀት፣ ዲኤምኤስኦ፣ አረፋ፣ ሽፋን የሚገፍፍ መድኃኒት | ቺፕ፤ ውድ ነው | በጣም ከፍተኛ |
| ፍሎሪሜትር ከላውርዳን ወይም ዲፒኤች ጋር | ላላ ወይስ ጠነከረ | ብርሃን የሚውጥ መድኃኒት፣ ሙቀት | ቀለም፤ ትንሽ ለረጅም ጊዜ ይበቃል | መካከለኛ |
| ፍሎሪሜትር ከካልሴይን ጋር | ተበሳ ወይ | የኦስሞቲክ ጫና ልዩነት | ቀለም፣ የጄል ዓምድ | መካከለኛ |
| ስፔክትሮፎቶሜትር | በውሃና በሊፒድ መካከል ስንት ተከፋፈለ | ዩቪ የማይውጥ መድኃኒት | ከኩቬት በቀር የለም ማለት ይቻላል | ዝቅተኛ |
| ፖሊዳይአሴቲሊን | ነካው ወይስ አልነካውም | ሙቀት፣ ፒኤች፣ አልኮል | ሞኖመሩ | ዝቅተኛ |
| ባዮሌየር ኢንተርፌሮሜትሪ | ስንት ገባ፣ ለትልቅ ሞለኪውል | ትንሽ ሞለኪውል | ጫፎቹ፤ ውድ ናቸው | ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

በጀት ለሌለው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፦ ያለውን ስፔክትሮፎቶሜትር ተጠቀሙ። አምፎተሪሲንን ወይም ዩቪ የሚውጥ ሌላ መድኃኒት ምረጡ። ለልምምድ ሊፒዱን ከእንቁላል አስኳል ማውጣት ይቻላል። አስኳሉ በአሴቶን ሲታጠብ ስቡና ኮሌስትሮሉ ይወጣል፤ የቀረው ሌሲቲን በኤታኖል ይሟሟል። ይህ ሊፒድ የሚረጋው ከዜሮ በታች ስለሆነ የክፍላችን ሙቀት አያስቸግረውም። አየር ግን ያበላሸዋል፤ በሳምንቱ ጨርሱት። ለኅትመት የሚሆን ውጤት ግን በተጣራ ሊፒድ መደገም አለበት።

መካከለኛ በጀት ላለው ክፍል፦ ፍሎሪሜትር ግዙ፤ ኩቬት መያዣው ውሃ የሚዞርበት ይሁን፣ ከነውሃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው። ይህን ቃል የግዢ ዝርዝሩ ላይ በግልጽ ጻፉት። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሠረዘው እሱ ነው፤ እኔ ግን መለዋወጫ የሚሆነውን ሁለተኛ ላምፕ ሠርዛችሁ እሱን አስቀሩ እላለሁ። ካላዛርን ለሚያጠና ቡድን ካልሴይንና ስፔክትሮፎቶሜትር አንድ ላይ ከአንድ ውድ ማሽን የበለጠ ይነግሩታል።

ትልቅ ድጋፍ ላገኘ ቡድን፦ ኤስፒአር ግዙ፤ ግን ለአንድ ክፍል ሳይሆን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያለው የሳይንስ ኮሌጅም፣ ሕክምናውም፣ ፖሊ ግቢም የሚጋራው ይሁን። ውሉ ውስጥ የሦስት ዓመት ቺፕ፣ የሥልጠናና የጥገና ጉዞ ይካተት። ሻጩ የራሳችሁን መድኃኒት በራሳችሁ ሊፒድ ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ፕሮቲን ከፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ቢያሳያችሁ ለእናንተ ጥያቄ ምንም አይነግርም።

ለማስተማር ብቻ ከሆነ ፖሊዳይአሴቲሊን ይበቃል። ተማሪው ሰማያዊው ሲቀላ አንዴ ካየ ሽፋን ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ማንኛውንም ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ማሽኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አኑሩት። ለአንድ ሳምንት ጠዋት 2፡00፣ ቀን 6፡00፣ ከሰዓት 9፡00 ላይ ጻፉ። መብራት የጠፋበትንም ሰዓት ከጎኑ አስፍሩ። ልጅቷ አሁን ደብተሯ ላይ ከእያንዳንዱ ንባብ ጎን ዲግሪውን ትጽፋለች። ሊፒዷንም ወደ ፒኦፒሲ ቀይራለች፤ እሱ የሚረጋው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባሕር ዳር ደግሞ እዚያ አትደርስም። ሁለተኛዎቹን ግራፎች ስታመጣ የጠዋቱና የከሰዓቱ መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ነበር።